እንጥሌ ያልተቆረጠበት መኸር

ቅርንፉድ አልወድም። ሻይ ውስጥ ካገኘሁት በማንኪያ አውጥቼ ሳህኑ ላይ አስቀምጠዋለሁ፤ ጋባዡ ቅር ካለው ይበለው። ባለፈው ወር ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ ስሄድ ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ እናት ከቦርሳቸው ትንሽ ብልቃጥ አውጥተው አንድ ፍሬ አፋቸው ውስጥ ጣል አደረጉና ለእኔም ዘረጉልኝ። መንገዱ ሆዴን እንዳይረብሸኝ አስበውልኝ ነው። አመስግኜ እምቢ አልኩ። ሽታው ግን እምቢታ አልገባውም፤ ቡኢን እስክናልፍ አብሮኝ ተጓዘ። መስኮቱን ከፈትኩት። ከኋላ የተቀመጠ ሰውዬ ነፋስ ገባብን ብሎ አጉረመረመ፤ አልዘጋሁም።

ሌላ ሰው ቅርንፉድ ሲሸተው ሠርግና እንግዳ ትዝ ይለው ይሆናል። እኔ ትዝ የሚለኝ አምስተኛ ክፍል የነበርኩበት ዓመት ነው። በዚያ ዓመት አፌ ይሸት ነበር። ቃሉን አላለሳልሰውም፤ ለእኔም ያለሳለሰልኝ ሰው አልነበረም።

የተወለድኩት ከቡታጅራ ብዙ በማትርቀው ቆሼ የምትባል ከተማ ነው። አባቴ በርበሬ አምራች ነበር። ደህና ትምህርት ቤት እንድማር ብሎ ቡታጅራ ታላቅ እህቱ ዘንድ አስቀመጠኝ። እሱ "እትዬ" ስለሚላቸው ቤተሰቡም ጎረቤቱም እትዬ ሐሊማ ይላቸው ነበር። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የበርበሬ ንግዱን ብቻቸውን ይዘውታል። ልጅ አልወለዱም፤ ስለዚህ እኔን የሚያሳድጉኝ ሰው ሁሉ እያያቸው እንደሆነ አድርገው ነበር። ፀጉሬ በደንብ ካልተሠራ፣ ጫማዬ ካልተወለወለ፣ "ሐሊማ የሰው ልጅ መያዝ አታውቅም ይባላል" ይሉኛል። እንዲህ ላለች ሴት የምታሳድጋት ልጅ አፍ ሲሸት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

በመኸር ግቢያችን ከዳር እስከ ዳር ቀይ ነበር። ዛላ በርበሬው ሸራ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል፤ እኔ ከትምህርት ቤት መልስ ከሠራተኞቹ ጋር ቁጭ ብዬ ዘንግ ዘንጉን እቀነጥሳለሁ። ጣቶቼ ያቃጥሉኝ ነበር፤ ረስቼ ዓይኔን ከነካሁ ደግሞ አለቀልኝ። ያም ሆኖ ያን ሥራ እወደው ነበር። ምክንያቱም በርበሬ የሚቀነጥስ ሰው ሁሉ አፍንጫውንና አፉን በሻሽ ይሸፍናል። እዚያ ግቢ ውስጥ ማን ከበርበሬው፣ ማን ከእኔ አፍ እንደሚሸሽ አይታወቅም። በሻሼ ውስጥ እንደ ልቤ አወራ ነበር፤ እነሱም እያስነጠሱ ይሰሙኛል።

ትምህርት ቤት ግን በርበሬ የለም። ገና በመስከረም መጀመሪያ፣ መሠረት የምትባል አብራኝ የምትቀመጥ ልጅ እጇን አውጥታ ወደ መምህሩ ሄደችና በጆሮው አንድ ነገር ነገረችው። መምህሩ ወጣት ነው፤ ክፉ ሰው አልነበረም። ወደ እኔ መጣና ነፋስ የሚገባበት ቦታ ብትቀመጪ ይሻልሻል ብሎ መስኮቱ ሥር ያለውን ዴስክ ብቻዬን ሰጠኝ። እኔ ሽልማት መሰለኝ። ከክፍሉ ጎበዝ አንባቢ ስለነበርኩ ሰፊ ቦታ ተመርጦልኝ ነው ብዬ ደብተሮቼን ዘርግቼ፣ ክርኔን ግራና ቀኝ አንሰራፍቼ ተቀመጥኩ። ቤት ስገባም ለእትዬ በኩራት ነገርኳቸው፤ እሳቸውም ደስ ብሏቸው እንቁላል ጠበሱልኝ።

እውነቱ የገባኝ የንባብ ተራዬ የደረሰ ዕለት ነው። መጽሐፌን ይዤ ወደ ፊት ልወጣ ስነሳ መምህሩ እዚያው ሆነሽ አንብቢ አለኝ። ጀመርኩ። ሊሰሙኝ ወደ እኔ የዞሩት ልጆች ወደ ኋላቸው ሸሸት አሉ። መምህሩ "ነኢማ፣ ፊትሽን ወደ መስኮቱ አዙሪና አንብቢ" አለኝ። አዞርኩ። ውጭ አጥሩ ጋ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ቆሞ ነበር፤ እሱን እያየሁ፣ ድምፄን ከሌላው ቀን ሁሉ ከፍ አድርጌ አነበብኩ። ዘበኛው እሱን የጠራሁት መስሎት ሊጠጋ ሲል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ መምህሩ ተራዬን ይዘለኝ ጀመር፤ እጄን ባወጣም አያየኝም።

አንድ ወንድ ልጅ በእረፍት ሰዓት ቆጮ ቆጮ ትሸቻለሽ አለኝ። እሱም ቤቱ ቆጮ ነው የሚበላው፤ ያኔ ግን ይህ አልታየኝም። በማታው እትዬ ቆጮውን ከጎመን ጋር ሲያቀርቡልኝ አልበላም አልኩ። በማግስቱም እንደዚያው። እትዬ ሆድ ባሳቸው። ወንድማቸው በቆጮ እንዳደገ፣ እኔ ግን ቡታጅራ ገና ሳይመሽብኝ የከተማ ልጅ እንደሆንኩ ለጎረቤት ሁሉ ነገሩ። ምክንያቱን ነገርኳቸው። ጠጋ ብለው "እስቲ እፍ በይብኝ" አሉኝ። እፍ አልኩ። የሻሻቸውን ጫፍ አፍንጫቸው ላይ አደረጉ። ያኔ በርበሬ እየተቀነጠሰ አልነበረም።

መድኃኒቱ በዚያው ማታ ተጀመረ። በመጀመሪያ ቅርንፉድ ነበር፤ ጠዋት ጉንጬ ውስጥ ይወተፍና እስከ ምሳ እንዳታወጪው ይባላል። ምላሴ ይደነዝዛል፤ ክፍል ውስጥ ደግሞ ልጆቹ ከቆጮና ከቅርንፉድ የቱ እንደሚብስ ይከራከራሉ። ቀጥሎ ሎሚ በጨው መጣ፤ ከዚያ የተፈጨ ከሰል፤ ጥርሴ ጠቁሮ ትምህርት ቤት የሄድኩበትን ቀን አልረሳውም። ጎረቤታችን እማማ ዘይቱና በባዶ ሆዷ ነጭ ሽንኩርት ትዋጥ አሉ። የአፍ ሽታን በነጭ ሽንኩርት ለማጥፋት ያሰበ ሰው ከእሳቸው ሌላ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

ከዚያ ረመዳን ገባ። ማታ መድረሳ ስንማር ኡስታዛችን የጾመኛ ሰው የአፍ ጠረን አላህ ዘንድ ከሚስክ ሽቶ የበለጠ መዓዛ እንዳለው ነገሩን። ሌሎቹ ልጆች ሰምተው አለፉት። እኔ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ። ኡስታዙ ስለ ትዕግስትና ስለ ዋጋው ነበር የሚያስተምሩን፤ እኔ ግን የሰማሁት አዋጅ ነበር። አፌ ተፈቀደልኝ። በማግስቱ ያ ቆጮ ትሸቻለሽ ያለኝ ልጅ ገና አፉን ሳይከፍት ነገርኩት። ከረመዳን በፊትም ትሸቺ ነበር አለኝ። "አላህ ቀድሞ ወዶት ነው" አልኩት። ወሩን ሙሉ ደግሞ የጾመ ሰው ሁሉ አፉ ስለሚደርቅ እትዬም፣ እማማ ዘይቱናም፣ እኔም እኩል ነበርን። ቅርንፉድ የለ፣ ሎሚ የለ። እንደዚያ ወር የተደሰትኩበት ጊዜ በዚያ ዓመት አልነበረም።

ዒድ ሲያልፍ ደስታዬም አብሮ አለፈ። በዒዱ ማግስት እማማ ዘይቱና ባትሪ ይዘው መጡና አፌን አስከፍተው አበሩበት። ብዙ አዩ፤ አንገታቸውን ነቀነቁ። እንጥሏ ወርዶ ምላሷ ላይ ተኝቷል፤ የሚሸተው እሱ ነው፤ ካልተቆረጠ አይለቃትም ብለው ፈረዱ። ሐሙስ ሐሙስ ቡታጅራ የሚመጡ ጋሽ ነስሩ የሚባሉ እንጥል ቆራጭ ነበሩ፤ እትዬ ያለ ብዙ ማሰብ ይጠሩልኝ አሉ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። የአጎቴ ልጅ ሙባረክ ቆሼ እያለን እንጥሉ ሲቆረጥ አይቻለሁ። ሁለት ሰው ይዞት ነበር፤ ደሙን ሲተፋ፣ ከዚያም ለስንት ጊዜ ቃል ሳይወጣው ሲቀመጥ አስታውሳለሁ። ጠዋት መስተዋት ፊት ቆሜ አፌን ከፈትኩ። ጉሮሮዬ መግቢያ ላይ ያች ትንሽ ሥጋ ተንጠልጥላለች፤ ስናገር ትንቀጠቀጣለች። የበግ ቃጭል ውስጥ ያለውን መቺ መሰለችኝ። እሱ ከወለቀ ቃጭሉ እንደማይጮህ አውቃለሁ። ስለዚህ ድምፄን ሊቆርጡት ነው ብዬ ደመደምኩ። ወደ መስኮት አዙረው ማስነበባቸው፣ ተራዬን መዝለላቸው ሳያንስ አሁን ደግሞ ከሥሩ ሊነቅሉት ነው። ፈራሁ፤ ከፍርሃቱ ግን ንዴቱ ይበልጥ ነበር።

ሐሙስ ደረሰ። ጋሽ ነስሩ አጠር ያሉ፣ ኮት የለበሱ ሽማግሌ ናቸው። ሰላምታ ተለዋውጠው ከተቀመጡ በኋላ ከኮታቸው ኪስ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጡ፤ ጫፉ የተቆለመመ ብረት ነው። አፍሽን ክፈቺ አሉኝ። አልተንቀሳቀስኩም።

"ጾመኛ ነኝ" አልኳቸው።

እውነቴን ነበር። ከዒድ በኋላ የሚጾሙትን የሸዋል ጾም ይዤ ነበር፤ ከዚያ ጠዋት ጀምሮ። ብረት አፌ ከገባ፣ ደምም ከዋጥኩ ጾሜ እንደሚበላሽ አስረዳኋቸው። ጋሽ ነስሩ ወደ እትዬ ዞሩ። እትዬ ግራ ገባቸው፤ ግን ደስ አላቸው። የወንድማቸው ልጅ ማንም ሳያዛት ግዴታ ያልሆነውን የሱና ጾም መያዟ በሰው ፊት ሲነገር ደረታቸው ሞላ። ለሚቀጥለው ሐሙስ ይሁን አሉ።

በሚቀጥለው ሐሙስም ጾመኛ ነበርኩ። ሸዋል ሲያልቅብኝ ሰኞና ሐሙስ መጾም ሱና መሆኑን ኡስታዙን ጠይቄ አረጋገጥኩ። ሐሙስን ለእኔ ያበጃት አላህ ነው ብዬ አምን ነበር። ጋሽ ነስሩ በመጡ ቁጥር እኔ ጥርሴን ነክሼ እጠብቃቸዋለሁ፤ ሻይ ጠጥተው ይመለሳሉ። በመጨረሻ እትዬ ባነኑ። "ነኢማ፣ ለአላህ ነው የምትጾሚው ወይስ ከእኔ ለማምለጥ?" አሉኝ። ለሁለቱም ነበር።

ጾም ስይዝ ከቅርንፉድ ይልቅ መፋቂያ ነበር የተፈቀደልኝ። እኔም ስፍቅ እውላለሁ፤ የፊት ጥርሴን፣ ምላሴን፣ ድዴን፣ የቀረ የለም። ከእነዚያ ሐሙሶች በአንዱ በርበሬው አጠገብ ቁጭ ብዬ እየፋቅሁ ሳለ የመፋቂያው ስንጥር ከታች በስተኋላ ባለው መንጋጋዬ ውስጥ ሰመጠ። ጥርስ ውስጥ እንዴት ይሰምጣል? በምላሴ ስፈልግ ቀዳዳ አለ። ስንጥሩን ስስበው እስከ ጆሮዬ ድረስ ወጋኝ። አወጣሁትና ሻሼን ዝቅ አድርጌ አሸተትኩት።

አወቅሁት። ልጆቹ የሚሸሹት፣ እትዬ አፍንጫቸውን የሸፈኑለት፣ መስኮት ሥር ያስቀመጠኝ እሱ ነው። እስከዚያ ድረስ ሽታው እኔ ራሴ ነኝ ብዬ አስብ ነበር፤ ከደሜ፣ ከቆጮው፣ ከቆሼ ይዤው የመጣሁት ነገር ይመስለኝ ነበር። ለካ አንድ ጥርስ ነው። ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ እንባዬ መጣ። ሠራተኞቹ በርበሬው ነው ብለው አለፉኝ።

ማታ ሳፈጥር ለእትዬ ነገርኳቸው። አልሰሙኝም። ሌሊት ያላስለቀሰ ጥርስ አልታመመም፤ ይህ ደግሞ አዲሱ ጾምሽ ነው አሉኝ። ቅዳሜ ጋሽ ነስሩን አስመጣለሁ፤ ቅዳሜን ለብቻዋ የሚጾም ሙስሊም የለም፤ እስቲ ምን እንደምትይ አያለሁ ብለው ቁርጡን ነገሩኝ።

ቅዳሜ ግቢው በርበሬ በሚቀነጥሱ ሴቶች ሞልቶ ነበር። እማማ ዘይቱና ሊይዙኝ መጥተዋል። ጋሽ ነስሩ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ጨርቃቸውን ፈቱ። እትዬ ትከሻዬን ይዘው ከፊታቸው አቆሙኝ፤ እማማ ዘይቱና ከኋላ ጭንቅላቴን ያዙ። ጥርሴን ነከስኩ። እትዬ ክፈቺ አሉኝ። አልከፈትኩም። ጉንጬን ጨበጡኝ፤ አገጬን ወደ ታች ሳቡት። እኔ ያን ያህል ጉልበት እንዳለኝ አላውቅም ነበር። ጋሽ ነስሩ ጥርሱን የነከሰ አፍ ውስጥ ብረቴን አላስገባም ብለው ጠበቁ። ሴቶቹ ሥራቸውን አቁመው ያዩናል። እትዬ በሰው ፊት ልጅ ያልታዘዘቻቸው ሴት ሆነው ቆሙ፤ ዓይናቸው ቀላ።

ትንሽ ለቀቅ ሲያደርጉኝ እጄን ወደ ኪሴ ሰደድኩ። መፋቂያዬን አወጣሁና እዚያው ፊታቸው አፌን በትንሹ ገለጥ አድርጌ ቀዳዳው ውስጥ ሰካሁት። አመመኝ፤ አዞርኩት፤ አወጣሁት። ወደ እትዬ ዘረጋሁላቸው።

"ያሽትቱት" አልኳቸው።

እትዬ ወደ ኋላ አሉ። አልተውኳቸውም፤ ተከተልኳቸው። "ሻሽዎን ያውርዱና ያሽትቱት። ይህን ሁሉ ወር ስትሸሹት የነበረው ይኸው። እንጥሌ ላይ አይደለም ያለው።"

ለእትዬ እንደዚያ የተናገረ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ይመቱኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ሻሻቸውን አወረዱ። መፋቂያውን ከእጄ ተቀብለው አሸተቱ፤ ደግመው አሸተቱ። ለጋሽ ነስሩ ሰጧቸው። ሽማግሌውም አሸተቱና ፊታቸውን አኮማተሩ፤ ከዚያ ጥርሱን አሳዪኝ አሉ። እጅዎን ወደ ኋላ ያድርጉ አልኳቸው። ሴቶቹ በሻሻቸው ውስጥ ሳቁ። ጋሽ ነስሩ ብረታቸውን መሬት አስቀምጠው ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣመሩ፤ ያኔ ከፈትኩ። እትዬ በባትሪ አበሩ። ሽማግሌው አጎንብሰው አዩ፤ እንጥሉም ቢሆን ትንሽ ወርዷል፤ ግን ጥርሱ ይቅደም አሉ። ክብራቸውን ይዘው ሻያቸውን ጠጥተው ሄዱ። እንጥሌ ዛሬም ጉሮሮዬ ላይ አለ፤ ወርዶም ከሆነ እንደወረደ ይኑር።

የክፍሉን ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ። ጥርሱ ከወጣ በኋላ ሽታው ቀስ በቀስ ጠፋ። አንድ ቀን መሠረት ወደ መስኮቱ ዴስክ መጥታ ጎኔ ተቀመጠች። ወደ ድሮ ቦታሽ ተመለሺ ተብዬ ነበር፤ እኔ ግን ሰፊ ቦታ ለምጃለሁ ብዬ መምህሩን እምቢ ብዬዋለሁ። እሷ ናት ወደ እኔ የመጣችው። ወዲያው አላናገርኳትም። ክርኔን ግን ሰብሰብ አደረግሁላት።

ጥርሱ የተነቀለው ሰኞ ዕለት ነው። ሰኞ ጾሜ እንደሆነ እትዬ ስለሚያውቁ ጠዋት ቁርስ አላቀረቡልኝም። ራሴ ተነስቼ ከትናንት የቀረውን ቆጮ አውጥቼ በአይብ በላሁ፤ ሻይ ጠጣሁ። እትዬ በሩ ላይ ቆመው አዩኝ። "ዛሬ አትጾሚም?" አሉኝ። "ዛሬ አፌን ራሴ ነው የምከፍተው" አልኳቸው።

ጤና ጣቢያ ወንበሩ ላይ ስቀመጥ ሐኪሙ ክፈቺ ሳይለኝ ከፈትኩ። መርፌው አመመኝ፤ መንቀያው ጥርሴን ሲይዘው ጭንቅላቴ ውስጥ የሚሰነጠቅ ነገር ሰማሁ። እትዬ ጭንቅላቴን ደረታቸው ላይ አስጠግተው ይዘውኛል። ፊታቸው አፌ ላይ ነው ማለት ይቻላል፤ ፈቀቅ አላሉም። ወጣ። ሥሩ የጠቆረ፣ ግማሹ የተበላ ጥርስ። ሐኪሙ ጥጥ አስነከሰኝና ደሙ እስኪቆም እንዳላወራ አጥብቆ አስጠነቀቀኝ።

ወደ ቤት የሄድነው በጋሪ ነው። ገና ዋናው መንገድ ላይ ሳንወጣ ጥጡን በምላሴ ወደ ጉንጬ ገፋሁና ጀመርኩ። የፈረሱን ስም ባለጋሪውን ጠየቅሁት። ከሱቅ በላይ የተሰቀለውን ጽሑፍ ሁሉ ጮክ ብዬ አነበብኩ፤ ከንፈሬ ስለደነዘዘ ቃላቱ እየተጣመሙ ይወጣሉ። ደም ያለበት ምራቅ ሻሼ ላይ ወረደ። እትዬ ነኢማ ዝም በይ፣ ሐኪሙ ምን አለሽ አሉኝ። ቀጠልኩ። ደገሙልኝ። አሁንም ቀጠልኩ። እሳቸውም በጣታቸው እያመለከቱ ያኛው ላይ ደግሞ ምን ይላል አሉኝ፤ ማንበብ አይችሉም ነበር። እስከ ቤታችን በር ድረስ አነበብኩላቸው።